ለአንዲት በለስ የተለመነች አንድ ዓመት

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በፍራፍሬ ችግኝ ሥራ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ የሚመጡ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ይነግሩኛል። «ጋሼ፣ ከተመረቅሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ እስካሁን ምንም የለም።» ሦስት ዓመት ሲሉኝ ትዝ የምትለኝ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ያለችው በለስ ናት። ዛሬ ስለ እሷ ልጽፍላችሁ።

መጀመሪያ ዛፏን እንወቃት። እኛ አገር በለስ ሲባል ብዙ ሰው፣ በተለይ የትግራይ ልጅ፣ የሚያስበው እሾሃሙን የቁልቋል ፍሬ ነው። እሱ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ሌላ ተክል ነው። የመጽሐፍ ቅዱሷ በለስ የሾላና የወርካ ዘመድ ናት። ቅጠሏ ሰፊ ነው፤ ስትቆርጧት ነጭ ወተት ታወጣለች። አዳምና ሔዋን ግልድም የሰፉት ከእሷ ቅጠል ነው። ዘፍጥረት የተከለከለውን ዛፍ «በለስ» ብሎ አይጠራውም። በእኛ ትውፊት ግን ዕፀ በለስ ነው የምንለው። ስለዚህ ስሟ ሲነሣ ሐሳባችን ቶሎ ወደ ጥፋት ይሄዳል። ይህ ያሳዝነኛል፤ በለስ በመጽሐፉ ውስጥ የሰላም ምልክትም ናትና። በሰሎሞን ዘመን ሕዝቡ እያንዳንዱ ከወይኑና ከበለሱ በታች ተዘልሎ ይቀመጥ ነበር ይላል። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ሳለ ኢሳይያስ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ ያዘዘውም የበለስ ጥፍጥፍ ነው።

አሁን ወደ ምሳሌው። አንድ ሰው በወይን አትክልቱ ውስጥ በለስ ተክሏል። ሦስት ዓመት ፍሬ ፍለጋ ተመላለሰ። ምንም የለም። ሠራተኛውን «ቁረጣት» አለው። መሬቱን ለምን ታጎሳቁላለች?

እኔ በዚህ ባለቤት አልፈርድበትም። መሬት ውድ ነው። የማያፈራ ዛፍም ውኃ ይጠጣል፣ ከአፈሩ ይበላል። ሰውየው ችኩል ነው ማለትም ይከብደኛል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ላይ የአዲስ ዛፍ ፍሬ ሦስት ዓመት አይበላም፣ በአራተኛው ዓመት ለእግዚአብሔር ይቀርባል፣ የሚበላው በአምስተኛው ነው ተብሎ ታዟል። እንዲህ ያለ ሕግ ይዞ ያደገ ሰው ዛፍ መጠበቅን ያውቃል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የሠራተኛው መልስ ነው። ባለቤቱን አልተከራከረም። ሦስቱን ዓመት አልካደም። ታሳዝናለችም አላለም። «ዙሪያዋን እስክኮተኩትላትና ፋንድያ እስካፈስላት ድረስ» ነው ያለው። ዓመቷን ሲለምን ምን እንደሚሠራባት አብሮ ተናገረ። ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ አብዛኛው «አንድ ዓመት ተጨመረላት» ላይ ይቆማል። ኩትኳቶውና ፋንድያው ይረሳል። እኔ ደግሞ የሥራዬ ነገር ሆኖ ከዚያ ማለፍ አልችልም።

የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ ወደ አንድ የማንጎ እርሻ ተላክሁ። ዛፎቹ ቀጭጨዋል፤ ፍሬ የሚባል የላቸውም። ሁለት ቀን ዞሬ አየሁና ይነቀሉ ብዬ ሪፖርት ጻፍሁ። እዚያ ብዙ ዘመን የሠሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። «ልጄ፣ የጻፍከው ከላይ ያየኸውን ነው» አሉኝ። አካፋ አምጥተው የአንዱን ዛፍ ዙሪያ መቆፈር ጀመሩ። አፈሩ ከብት ረግጦት እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፤ ዝናብ ቢዘንብም ውኃው ላዩን ሄዶ ነው የሚያልቀው። ወደ ሌላው ሄድን። የዚያኛው ችግር ሌላ ነው። ሥሩ በችግኝ ላስቲኩ ቅርጽ ተጠምዝዞ ቀርቷል። ችግኙ ላስቲኩ ውስጥ ከልኩ በላይ ቆይቷል፤ ሲተከልም ማንም አላስተካከለውም። ከላይ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ዓይነት ነበሩ። እኔም በአንድ መስመር ነበር የፈረድኩባቸው። በጣም አፈርሁ፤ ሪፖርቱን ቀደድሁ።

ልጆቼ፣ «ምንም የለም» ከማለታችሁ በፊት ቆፍሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዱኑ ሲቪ ለተመሳሳይ ቦታ እየላካችሁ ከሆነ፣ አፈሩ ጠንክሮ ይሆናል። የተማራችሁት ትምህርት ቤተሰብ የመረጠላችሁ ከሆነና ልባችሁ ሌላ ቦታ ካለ ደግሞ፣ ጉዳዩ የሥር ነው። ሁለቱ አንድ መፍትሔ የላቸውም። መኮትኮት እንደሚያም አውቃለሁ። አካፋው ሲገባ ጥቃቅን ሥሮች ይቆረጣሉ። እውነቱን የሚነግራችሁ ሰው ሲናገርም እንደዚያው ነው። ቢሆንም ፈልጉት። በለሷ ራሷን አልኮተኮተችም፤ ሠራተኛ ነበራት። የቀድሞ አስተማሪያችሁ፣ በሙያው የቆየ ዘመድ፣ የሰፈር ሰውም ሊሆን ይችላል። ሄዳችሁ «እስቲ እየኝ» በሉት። ብዙ ሽማግሌ ይህን የሚጠይቀው አጥቶ ነው ዝም ያለው።

ስለ ፋንድያም ላንሣ። ትኩስ ፋንድያ ሥር ላይ ቢደፋ ያቃጥላል። ተከምሮ መክረም አለበት። ሲበሰብስ ሽታው ይጠፋል፤ ጥቁር አፈር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ይመግባል። ከሥራ የተባረራችሁበት ቀን፣ የከሰረው ንግድ፣ ፈተና የወደቃችሁበት ዓመት ትኩስ ፋንድያ ነው። በማግሥቱ «ከዚህ ምን ተማርኩ» እያላችሁ ራሳችሁን አታሠቃዩ። ትንሽ ይክረም። እኔ ያን የቀደድኩትን ሪፖርት ለሰው ሳልናገረው ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። አሁን ግን ለእናንተ የሚሆን ነገር ወጣው።

ከጓደኛችሁ ጋር መፎካከሩንም ተዉት። ከሚያፈራ ዛፍ ቅርንጫፍ የተቀጠለበት አቦካዶ ከተተከለ በሦስትና በአራት ዓመት ሊያፈራ ይችላል። ከፍሬው የበቀለው ግን ከዚያ እጥፍ ሊፈጅበት ይችላል። አጠገብ ለአጠገብ ቢተከሉ ሁለተኛው ሰነፍ ይመስላል። በለስ ደግሞ አበባዋን አታሳይም። አበባዋ ያለው እዚያው ፍሬ በምትሉት ነገር ውስጥ፣ በድፍኑ ነው። ሾላም እንዲሁ ነው፤ «ሾላ በድፍን» የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ቴሌግራሙና ቲክቶኩ ላይ የምታዩት አበባ ሁሉ የውጭ አበባ ነው። የእናንተ ገና ወደ ውስጥ እያበበ ሊሆን ይችላል።

ምሳሌው የሚያልቀው ሠራተኛው ልመናውን ሲጨርስ ነው። ብታፈራ ደኅና፣ ካልሆነ ትቆርጣታለህ ይላል። ባለቤቱ እሺ ይበል፣ በለሷ ታፍራ፣ ሉቃስ አልጻፈልንም።

የእኛን ማንጎዎች ግን ልንገራችሁ። አፈራቸው የጠነከረውን ኮተኮትን፤ የከረመ ፋንድያ ሰጠን፤ ከብቱን በአጥር ከለከልን። በሁለተኛው ዓመት አበቡ። ሥራቸው የተጠመዘዘው ግን አልዳኑም፤ ቆረጥናቸው። ባዶ በቀሩት ጉድጓዶች ላይ አዛውንቱ እንደገና ችግኝ ተከሉ። አፈሩ ተኮትኩቶ፣ ፋንድያውም ገብቶበት ስለነበር አዳዲሶቹ ችግኞች ወዲያው ያዙ።