ለበረዶ ወራት የተቀመጠ ጀልባን በሸራ ስለ መሸፈን

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ለአናፖሊስ ቅርብ በሆነ መንደር ነው። ከወንድሜ ጋር 22 ጫማ ርዝመት ያለው ያገለገለ ባለሸራ ጀልባ ገዝተን በጋውን በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ላይ ስንጓዝበት ቆየን። ብርዱ ሲገባ ምሰሶውን አውርደን አጥሩ ሥር አጋደምነው፤ ጀልባውን ደግሞ በተሳቢው ላይ እንዳለ ግቢያችን ውስጥ አቁመን በሰማያዊ የላስቲክ ሸራ ከላይ እስከ ታች አጥብቀን ጠቀለልነው። የካቲት ላይ ስንገልጠው ሸራው ሁለት ቦታ ተቀዷል፣ መካከሉ ላይ ውሃ አቁሯል፣ ውስጥ የነበሩት ፍራሾችም ሻግተዋል። ጥፋቱ የሸራው ነው ወይስ የአሸፋፈናችን?

መልስ፦ ሸራውም ደካማ ነበር፤ የበለጠው ጥፋት ግን አጥብቃችሁ መጠቅለላችሁ ነው። የላስቲክ ሸራ ውሃ እንዳይገባ እንደሚከለክል ሁሉ እርጥበት እንዳይወጣም ይከለክላል። ቀን በፀሐይ ሲሞቅ ከፍራሹና ከእንጨቱ የሚነሣው እርጥበት ሌሊት ሲበርድ ጠብታ ሆኖ መልሶ ይወርዳል፤ ይህ ለወራት ሲደጋገም ሻጋታ ማፍራቱ አይቀርም። የጣና ሐይቅ ቀዛፊዎች የደንገል ታንኳቸውን ከተጠቀሙበት በኋላ ከውሃ አውጥተው ለንፋስና ለፀሐይ የሚሰጡት ውሃ የጠጣ ደንገል እንደሚከብድና እንደሚበሰብስ ስለሚያውቁ ነው። የእናንተ ጀልባ ፋይበርግላስ ቢሆንም ነገሩ ብዙ አይራራቅም፤ የብዙ ጀልባዎች የላይኛው ወለል በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል እንጨት ስላለበት፣ በብሎን ቀዳዳ የሰረገ ውሃ ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ስለዚህ የሸራውን የፊትና የኋላ ጫፍ ነፋስ እንዲያልፍበት ክፍት ተዉት፤ ፍራሾቹን፣ ባትሪውንና ነፋስ የሚይዙትን ሸራዎች አድርቃችሁ ወደ ቤት አስገቡ።

ውሃ ያቆረው ከሥሩ ጣሪያ የሚሆን ነገር ስላልነበረው ነው። 2 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ስፋት ባለው ቦታ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ቢጠራቀም ክብደቱ 200 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ይህን የሚሸከም ርካሽ ሸራ የለም። አጥሩ ሥር ያጋደማችሁት ምሰሶ ዋና መፍትሔያችሁ ነው። ከጀልባው ፊትና ኋላ ጠንካራ የእንጨት ባላ አቁሙ፤ ምሰሶው እንዳይጎብጥ መካከሉ ላይም ሌላ ድጋፍ ጨምሩና ከጫፍ እስከ ጫፍ አጋድሙት። ሸራው በምሰሶው ላይ ሲዘረጋ እንደ ጎጆ ጣሪያ ወደ ግራና ቀኝ ይወርዳል። ተዳፋቱ ወደ 45 ዲግሪ ቢጠጋ በረዶው በራሱ ክብደት ይንሸራተታል፤ ለጥ ካለ ግን ይቆለላል። ጎኖቹ ሰፊ ከሆኑ ከምሰሶው ወደ ጠርዙ ቀጫጭን ወራጆች ማድረግ ሸራው እንዳይሰረጉድ ይረዳል፤ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ እባካችሁ አትዝለሉት።

ሸራን የሚቀደው ብዙውን ጊዜ ነፋስና ሹል ጠርዝ ነው። በጀልባው ላይ ያሉትን ብረቶችና ማዕዘኖች ሁሉ በአሮጌ ምንጣፍ ጠቅልሉ። ገመዱን በሸራው ዳር ባሉት የብረት ቀለበቶች ብቻ አትሰሩ፤ ተነቅለው ይወጣሉ። ይልቁንም ለስላሳ ጠጠር ወይም የቴኒስ ኳስ በሸራው ውስጥ ቋጥራችሁ፣ አንገቱን በገመድ እሰሩና ገመዱን በጀልባው ሆድ ሥር አሳልፋችሁ ከወዲያኛው ጎን ጋር አጥብቁት። የሚርገበገብ ሸራ የጀልባውን ቀለም እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃልና አይላላ። አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠነቅቃችሁ፦ ጀልባችሁን ወደፊት ጀልባ ማቆያ ግቢ ውስጥ በብረት ድጋፎች ላይ ብታቆሙት፣ የሸራውን ገመድ በፍጹም ከድጋፎቹ ጋር አትሰሩ። ነፋስ ሸራውን ሲያርገበግብ ድጋፉን ቀስ በቀስ እየሳበ ሊያስለቅቀው፣ ጀልባውም ሊወድቅ ይችላል፤ በአጠገቡ ሰው ቢኖር ጉዳቱ የከፋ ነው።

ስለ ሸራው ዓይነት ብዙ አልጨነቅም። ሰማያዊው ቀጭን ስለሆነ የፀሐይ ጨረር ቶሎ ያደርቀዋል፤ ከአንድ ወቅት በላይ አትጠብቁበት። ወፈር ያለው ብርማ ቀለም ያለው የተሻለ ይቆያል፤ ለእናንተ የምመርጠውም እርሱን ነው። በልክ የተሰፋ ወፍራም የሸራ ልብስ አየር ስለሚያሳልፍ ከሁሉ ይበልጣል፣ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። በሙቀት ተኮማትሮ የሚጣበቀው ፕላስቲክ የአየር ማስገቢያ ካልተበጀለት እርጥበት ያፍናል፤ በየዓመቱም ይጣላል።

በመጨረሻም የተሳቢውን ፊት ከፍ አድርጋችሁ ውሃ ወደ ኋላ እንዲወርድ አድርጉ፤ የፍሳሽ ቀዳዳዎቹን ከቅጠል አጽዱ። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በሜሪላንድ ደግሞ ሲቀዘቅዝና ሲሟሟ የሚከርም በመሆኑ ትንሽ ስንጥቅ በየጊዜው ይሰፋል። በረዶ በጣለ ቁጥር ሸራውን ከውስጥ በለስላሳ መጥረጊያ ወደ ላይ ገፍታችሁ አራግፉት፤ አካፋ አትጠቀሙ። ጀልባው የማፍሰሻ ውታፍ ካለው ነቅላችሁ ከመሪው ጋር እሰሩት፤ በጸደይ መሪውን ለመግጠም ስታነሡት ውታፉን ታገኙታላችሁ፣ ጀልባውም ሳይደፈን ውሃ ውስጥ አይገባም።