የደብረ ብርሃንን ሕዝብ ብዛት የትኛው ሰነድ ይንገረን?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ። ሥራዬን ለማስፋት ለባንክ የማቀርበው የፕሮጀክት ጥናት የከተማውን ሕዝብ፣ የአባወራውንና የእማወራውን ብዛት እንዲሁም የነዋሪውን ገቢ እንዲያሳይ ተጠይቄያለሁ። ቁጥር ስፈልግ ግን አንዱ ስልሳ አምስት ሺህ ይለኛል፤ ሌላው የዚያን እጥፍ ይጠራል፤ ከሚሊዮን በላይ የሆነም አግኝቻለሁ። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ከሚሊዮን በላይ የሆነውን ይተዉት፤ እሱ የዞን እንጂ የከተማ ቁጥር አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ዞኖች ሁለት በመሆናቸው ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መቀመጫው ደብረ ብርሃን የሆነው የአማራ ክልሉ ዞን 1,837,490፣ መቀመጫው ፍቼ የሆነው የኦሮሚያው ደግሞ 1,431,305 ሕዝብ ነበራቸው። ከተማውን ከሚከበው ከባሶና ወራና ወረዳ ጋርም እንዳይቀላቅሉት ይጠንቀቁ።

ስልሳ አምስት ሺህ የተባለው ትክክል ነው፣ ነገር ግን አሮጌ ነው። ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም. መነሻ በተደረገበት ቆጠራ ደብረ ብርሃን 31,668 ወንዶችና 33,563 ሴቶች፣ በድምሩ 65,231 ነዋሪዎች ነበሯት፤ ይህም በዞኑ ከተሞች ይኖር ከነበረው 214,227 ሕዝብ ሦስት አሥረኛው ያህል ነው። ይህንኑ ቆጠራ አንዳንድ ጽሑፎች «የ2007 ቆጠራ» ይሉታል፤ የፈረንጁን ዓመት እንደ እኛው አድርገው ስለሚጽፉት አንባቢው ቁጥሩን ስምንት ዓመት ያህል አዲስ አድርጎ ይወስደዋል። የባንክ ሠራተኛም ሊሳሳት ስለሚችል ዓመተ ምሕረቱን በግልጽ ይጻፉለት።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ቢያዝም፣ በ2010 ዓ.ም. ይጠበቅ የነበረው አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የሚያዩት የከተማ ሕዝብ ቁጥር ሁሉ ሰው በሰው የተቆጠረ ሳይሆን ትንበያ ወይም የመሥሪያ ቤት ግምት ነው። እጥፍ የሚለው ቁጥር ከየት ሊመጣ እንደሚችል በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ቆጠራ ከተማው 38,717 ነዋሪዎች ነበሩት፤ ከዚያ እስከ ግንቦት 1999 ዓ.ም. ድረስ በዓመት በአማካይ 4 ከመቶ ገደማ አድጓል ማለት ነው። በዚሁ ፍጥነት የሚያድግ ከተማ በ17 ዓመት ያህል እጥፍ ስለሚሆን፣ 2016 ዓ.ም. ላይ 130 ሺህ ገደማ ይደርሳል። ሆኖም ይህ የወረቀት ስሌት ነው፤ በቅርብ ዓመታት የተከፈቱት ፋብሪካዎች የሳቧቸውን ሠራተኞችም ሆነ በግጭት ተፈናቅለው የተጠለሉትን ወገኖች አያውቅም፤ የከተማው ወሰን ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሲሰፋ ስለሚመጣው ለውጥም ምንም አይነግርዎትም።

ስለዚህ ሁለት ቁጥር ይያዙ። አንዱ የ1999ኙ የቆጠራ ውጤት ይሁን፤ ሌላው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ ለከተማው ያወጣው የቅርብ ትንበያ ይሁን። ከከተማ አስተዳደሩ የፕላን ክፍል የሚያገኙት ቁጥር ከዚህ ከበለጠ ልዩነቱን አይደብቁት፤ የትኞቹን ቀበሌዎች እንደሚያካትት ጠይቀው ከሥሩ ይጻፉት። አንድ ጊዜ እኔም በአንድ ጽሕፈት ቤት የሕዝብ ብዛት ጠይቄ፣ ከሳጥን ፋይል የወጣልኝ ወረቀት ላይ ቁጥሩ በእስክሪብቶ ተሰርዞ ከጎኑ ሌላ ተጽፎበት አገኘሁት፤ ማን፣ መቼ፣ ከምን ተነሥቶ እንዳረመው የሚናገር ግን አልነበረም። የአባወራና የእማወራ ብዛት ላይም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ቤት ለቤት ተቆጥሮ ሳይሆን የተተነበየው ሕዝብ ለአማካይ የቤተሰብ መጠን ተካፍሎ የሚገኝ ነውና አካፋዩ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ።

ገቢን በተመለከተ ለደብረ ብርሃን ብቻ የወጣ አኃዝ በመፈለግ አይድከሙ። እንደ 2008ቱ የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ያሉ ጥናቶች ናሙናቸው ክልልን እንዲወክል የተመረጠ በመሆኑ፣ የክልሉን የከተማ አማካይ እንጂ የደብረ ብርሃንን ኪስ ለይተው አያሳዩም። የንግዱን እንቅስቃሴ ከንግድ ፈቃድ ምዝገባ ማየት ይችላሉ፤ ሆኖም መደበኛው እድሳት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሚካሄድ፣ በጥቅምት የተሰጠዎትን ቁጥር ካለፈው ዓመት ጥር ጋር ቢያነጻጽሩ ንግዱ የወደቀ ይመስልዎታል።

ለእርስዎ ሥራ ግን ከገቢው ይልቅ የሚጠቅመው፣ ስንቱ ቤት በርበሬውን ራሱ ቀንጥሶ፣ አስጥቶና አስፈጭቶ እንደሚያኖር፣ ስንቱስ የተዘጋጀ እንደሚገዛ ማወቅ ነው። ይህ በየትኛውም ጽሕፈት ቤት አይገኝም። ከጠባሴም ከሌሎች ሰፈሮችም ሃምሳ ስድሳ ቤት መርጠው፣ ተከራዩንና ባለቤቱን ለይተው፣ በዓመት ስንት ኪሎ እንደሚጨርሱና ከየት እንደሚያገኙት ይጠይቁ፤ የጠየቁበትን ወርና የመረጡበትን መንገድ ጽፈው ከጥናቱ ጋር አያይዙት።