ልጄ ቦባ ለምዳለች፤ ችግር አለው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ14 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ ቦባ የሚሉትን ሻይ ትገዛለች። የ3 ዓመት ወንድሟም ከእሷ እየቀመሰ ለመደው። ውስጡ ያለው ጥቁር ድብልብል ምንድን ነው? ጉዳት አለው? በጾምም ትጠጣዋለች፤ «ወተት የለውም» ትለኛለች።

መልስ፦ ከትንሹ እንጀምር። እሱን ዛሬውኑ ያስቁሙት። ድብልብሉ ያሙለጨልጫል፤ በወፍራሙ ስትሮ ሲሳብ ሳይታኘክ በቀጥታ ጉሮሮ ጋ ይደርሳል። የመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ ከገባ ሕፃን ልጅ ያፍናል። የጀርመን የምግብ ስጋት መርማሪ ተቋም በ2012 ይህንኑ አስጠንቅቆ ነበር።

ለትልቋ ግን ድብልብሉ ራሱ ክፉ አይደለም። የካሳቫ ስታርች ነው፤ ወላይታና ጋሞ ያደገ ሰው ካሳቫን ያውቀዋል። በፈላ ውሃ ይታሻል፣ በሽምብራ ፍሬ መጠን ይድበለበላል፣ ይቀቀላል። ከዚያ ስኳር ሽሮፕ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

መጠጡ በ1980ዎቹ ታይዋን ውስጥ የተጀመረ ነው። ሁለት ሻይ ቤቶች «የፈጠርኩት እኔ ነኝ» ተባብለው ፍርድ ቤት ድረስ ተካሰዋል። አሁን ዓይነቱ ብዙ ነው። የወተት አለ፣ የፍራፍሬ አለ፣ የማቻ፣ ማለትም የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት አለ። ታሮ የሚሉት የኛው ጎደሬ ነው፤ ብዙ ቦታ ግን የሚቀርበው ጣፋጭ ዱቄቱ ነው። ጥርስ ሲነካው የሚፈነዳው ደግሞ ስታርች ሳይሆን ጭማቂ የያዘ ስስ ልባስ ነው።

አንድ ትልቅ ኩባያ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ሊይዝ ይችላል። የብራውን ሹገሩ ከዚያም ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል በቀን ከ25 ግራም አይለፍ ይላል፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ልጅዎ ስታዝ «ስኳሩ 30 በመቶ» ትበል። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ እንደዚያም ሆኖ ይጣፍጣል፤ ድብልብሉ ሽሮፕ ጠጥቷላ! በየቀኑ መሆኑ ቀርቶ በሳምንት አንዴ፣ ትንሿን ኩባያ ብትጠጣ አልከለክላትም። ሻይ ስለሆነ ካፌይን አለው፤ አመሻሽ ላይ ከጠጣችው እንቅልፍ ይነሳታል።

የጾሙን ነገር ልጅዎ ግማሹን ነው የነገረችዎት። ብዙ ቤቶች በወተት ፋንታ የሚጠቀሙበት የክሬም ዱቄት «ነን ዴይሪ» (ወተት አልባ) ይባላል እንጂ ብዙ ጊዜ ኬዝኔት አለበት፤ ይህ የወተት ፕሮቲን ነው። የወተት አለርጂ ላለበት ሰው ደግሞ ጾም ባይሆንም አደገኛ ነው። ፑዲንግ የሚጨምሩበትም እንቁላል ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ በጾም ክሬም የሌለው የፍራፍሬ ሻይ ትዘዝ፣ ወይም በአጃ ወተት ይሥሩልኝ ትበል።