ወንበሩን አንስታችሁ አሳዩ

ልጆቼ፣ ባለፈው ጥር ቮልሴን ሸጥኩ። የ1966 እ.ኤ.አ. ሥሪት ናት፤ ሞተሯ 1300። 31 ዓመት በእጄ ቆይታለች። በምህንድስና ሥራዬ ከሳይት ሳይት ያመላለሰችኝ እሷ ነበረች። አሁን ጉልበቴ ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ አለኝ። እናንተም አንድ ቀን የምትሳሱለትን ዕቃ መሸጣችሁ አይቀርምና የገጠመኝን ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ አንድ ደላላ መጣ። ዞር ዞር ብሎ አያትና «ጋሼ፣ ጥሩ ዋጋ አመጣልዎታለሁ። ብቻ የኋላውን ወንበር እንዳያነሱ» አለኝ።

የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። አሲዱ ሲንጠባጠብ ላሜራውን ይበላዋል። የእኔዋም እዚያ ቦታ ላይ መዳፍ የሚያህል ዝገት ነበረባት። ደላላውን አመስግኜ ሸኘሁት።

በሳምንቱ አንድ ወጣት ከእናቱ ጋር መጣ። ቀለሟን አይቶ ሳይጨርስ ወንበሩን አነሳሁለት። «ችግሯ ይኸውልህ» አልኩት። በጣቱ ዳሰሰው፤ ቡናማ ቅርፊት ተከትሎት መጣ። ዝም ብሎ ቆየና «ሌላስ ጋሼ?» አለኝ። የግራ በሯ ተገጭታ በስቱኮ እንደተሞላች ነገርኩት። ቆረቆረው፤ ድምፁ ድፍን ነው። ላሜራ ሠሪ የሚጠይቀውን ያህል ከዋጋው ላይ ቀነስኩለት። ገንዘቡ አላንገበገበኝም አልልም። ግን ከዚያ በኋላ ስለ ሞተሯ የነገርኩትን ሁሉ አመነኝ። ዘይት የቀየርኩበትን ቀን ሁሉ የጻፍኩበትን ደብተር ስሰጠው እናቱ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ስሙን ለማዛወር ስንነሳ «በውክልና ይጨረስ፣ ወጪ ይቀራል» የሚል መካሪ አልጠፋም። እኔ አልተቀበልኩም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2081፣ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። ሊብሬው በስማችሁ እያለ ሌላ ሰው ሲነዳ፣ መጥሪያው የሚመጣው እናንተ ቤት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከሸጠ ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ሲመላለስ አይቻለሁ።

ቁልፉን ከመስጠቴ በፊት አንድ ቅዳሜ ግቢዬ ውስጥ አብረን ዋልን። ይህን ቀን አትዝለሉት፤ ከሽያጩ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ቮልስ ውኃ የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ማራገቢያዋንም ዲናሞዋንም የምታዞረው አንዲት ቺንጊያ ናት። ስለዚህ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ «ባትሪ ነው» ብለህ አትንዳ፣ ወዲያው ቁም አልኩት፤ ቺንጊያዋ ተበጥሳ ከሆነ ሞተሩ ይነድዳል። የባትሪውን ክዳን አሳየሁት። ክዳኑ ከሌለ፣ ከባድ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ባትሪውን ነክቶ እሳት ያስነሳል። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ነው። የቫልቩ ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር ነው፤ የሚለካውም ሞተሩ አድሮ ጭራሽ ሲቀዘቅዝ ብቻ።

በመጋቢት አንድ እሑድ፣ ገና ከቤተ ክርስቲያን ሳልመለስ፣ ስልኬ ጠራ።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ አድሯል። ከየትኛው ሲሊንደር ልጀምር?»

«ከአንደኛው» አልኩት። «በስተቀኝ፣ ወደ ፊት ካለው።»

ስልኩን ሳልዘጋ ቆሜ ጠበቅኩት።