ኤዲኤችዲ ላለበት ሰው ኮች ይጠቅማል ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አንብቤው ከልቤ አልወጣ አለ። በ31 ዓመትሽ ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረትንና ራስን መቆጣጠርን የሚያስቸግረው የአእምሮ ሁኔታ፣ እንዳለብሽ ተነግሮሻል፤ መድኃኒትም ጀምረሻል። አሁን ደግሞ አንዲት ላይፍ ኮች፣ ማለትም ኑሮሽን እንድታስተካክዪ በክፍያ የምታግዝ ሰው፣ «ጥንካሬሽ ላይ እንሠራለን» ብላሻለች፤ አንቺ ግን ገንዘብ መጣል እንዳይሆን ፈርተሻል። እኔ ሁለት ኮች ይዤ አውቃለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሥራዬ ለሠርግ፣ ለክርስትናና ለተዝካር ምግብ ማዘጋጀት ነው። እኔም ያወቅኩት ዘግይቼ፣ በ38 ዓመቴ፣ በልጄ ምክንያት ነው። የልጄ ሐኪም ስለ እሱ እየጠየቀችኝ የራሴን ልጅነት የምታወራ መሰለኝ። ኤዲኤችዲ በዘር በጣም ስለሚተላለፍ በልጃቸው በኩል ራሳቸውን የሚያውቁ ወላጆች ብዙ ናቸው። አዋቂ ሲመረመር ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት እንደነበሩ ይጣራል። ስለዚህ አዲስ አበባ ታላቅ እህቴ ጋ ደወልኩ። «የአራተኛ ክፍል ካርድሽ ላይ ‹ትችላለች፣ ግን ቀልብ የላትም› ተብሎ ተጽፎ አባዬ የገረፈሽን ረሳሽው?» አለችኝ። አልረሳሁትም።

ቀልበ ቢስ፣ ዝርክርክ፣ ልቧ ያልረጋ እየተባለ ያደገ ሰው ኮች ጋ የሚሄደው ሊታረም ነው። እኔም እንደዚያ ነው የሄድኩት። የመጀመሪያዋ ኮች ቀና ሰው ነበረች። ባለብዙ ቀለም ማስታወሻ ደብተር አስገዛችኝ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሺ፣ የዘመድ ስልክ አታንሺ፣ ለቅሶ ቤት መሄድ ቀንሺ አለችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩ የት እንደገባ ጠፋኝ። ከዚያ አፍሬ ቀጠሮ መሰረዝ ጀመርኩ። የስምንት ጊዜ ከፍዬ በአራተኛው ቀረሁ። ለቅሶ ቤት አትሂጂ ማለት እኮ ለእኔ ከሰው ተለዪ ማለት ነው። እሱን ሳይረዱ ሊያግዙኝ አይችሉም።

ሁለተኛዋ የጠየቀችኝ መጀመሪያ «የት ነው የሚሳካልሽ?» ብላ ነው። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የ300 ሰው ሠርግ ላይ የአዳራሹ ምድጃ እምቢ ያለበትን ቀን ነገርኳት። ወጡን ለሦስት ሰው ቤት አከፋፍዬ፣ ማን ይዞ እንደሚመጣ በቃሌ ይዤ፣ ምሳው በሰዓቱ ቀርቧል። «እንዴት ቻልሽ?» እያለች ታዳምጠኝ ገባች። እየተናገርኩ ለራሴም ተገለጠልኝ። የምሠራው ሰው አጠገቤ ሲኖር፣ ሰዓቱ ሲገፋኝና ነገሩ ዓይኔ ሥር ሲሆን ነው። ኢንቮይስ፣ ማለትም የሂሳብ መጠየቂያ፣ መላክ ግን ብቻዬን ነው፤ ቀነ ገደብ የለውም፤ ኮምፒውተር ውስጥ ተደብቋል። በዚያ ዓመት ሳልጠይቅ የቀረሁት ሂሳብ ከ2,000 ዶላር በላይ ነበር። ምግቡ ተበልቶ፣ እኔም ተመርቄበት!

ስለዚህ ኢንቮይሱን ወደ ቡና አመጣነው። ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ ሹራብ መሥሪያዋን ይዛ ትመጣለች። አቦሉ ሲቀዳ ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ። ቶናው ላይ እጽፋለሁ። በረካው ሳይጠጣ ይላካል። ጎረቤቴ አንድ ቃል አትጽፍልኝም፤ መቀመጧ ብቻ ይበቃኛል። ፈረንጆቹ ቦዲ ደብሊንግ ይሉታል። እኛ ደቦ የምናውቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ አይከብደንም።

ግብሩም እንደዚሁ። ራሴን ስለምቀጥር ጃንዋሪ 15፣ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15 እና ሴፕቴምበር 15 እከፍላለሁ። እነዚህን ቀኖች ዓመት ሙሉ ስረሳ ኖሬያለሁ፤ በዓል ግን ረስቼ አላውቅም፣ እንጀራዬ ነውና። ኮቿ ይህን ሰምታ ቀኖቹን ከበዓል ጋር አሰረቻቸው። የጥምቀት ዶሮ ከመገዛቱ በፊት፣ ከሰኔ ሚካኤል በፊት፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ በአራተኛው ቀን። ፋሲካ ቀኑ ስለሚለዋወጥ የኤፕሪሉን እህቴ ደውላ ታስታውሰኛለች።

ጥንካሬ የሚለው ቃል ላይ ግን አንድ ነገር ልበልሽ። ኤዲኤችዲ ስጦታ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ልጄን ትምህርት ቤት በር ላይ 50 ደቂቃ ያቆምኩበት ቀን ስጦታ አልነበረም፤ ሲያለቅስ ነው ያገኘሁት። ይህን ስነግራት ኮቿ አላቃለለችውም፣ አላሳፈረችኝምም። «ጊዜው ሲሄድ አይሰማሽም፤ እንግዲህ በጆሮሽ እናሰማሽ» አለችና ሦስት አላርም አብረን ሞላን፦ ምድጃ አጥፊ፣ ጫማ አድርጊ፣ ውጪ። ስለ ኤዲኤችዲ ብዙ የጻፉት ራስል ባርክሌይ ችግሩ ያለው የሚያውቁትን ማድረጉ ላይ እንጂ ማወቁ ላይ አይደለም ይላሉ። እኔም ከቤት መውጣት እንዳለብኝ አውቅ ነበር። የጎደለኝ በሰዓቱ የሚያስነሳኝ ነገር ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ማንም ተነስቶ ኮች ነኝ ማለት ይችላል፤ እንደ ነርስ ፈቃድ አይጠየቅም። ስለዚህ በኤዲኤችዲ ላይ የት እንደሠለጠነች ጠይቂያት። ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፤ ብዙዎቹ ግን የመጀመሪያውን ውይይት በነፃ ያደርጋሉ። እባክሽ እንደ እኔ የስምንቱን በአንዴ አትክፈዪ። መድኃኒትሽን በተመለከተ ምክር ከሰጠችሽ ተነሥተሽ ውጪ፤ እሱ የሐኪምሽ ነው። ድብርት ወይም ጭንቀት ካለብሽም ቴራፒስት ያስፈልግሻል፤ ኮች ያንን አይተካም። ከሁሉ በፊት ግን «ቀጠሮ ብረሳብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» በያት። የእኔዋ «እደውልልሻለሁ፣ ከዚያ ማስታወሻውን የት ብናደርገው እንደሚሻል አብረን እናያለን» ነበር ያለችኝ። ያን ቀን ነው ያመንኳት።

የተከመረ ያልተከፈተ ደብዳቤ አለኝ ብለሻል። ቅዳሜ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቡና አፈላለሁ። በቪዲዮ ደውዪልኝ፤ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አቆመዋለሁ። ደብዳቤዎቹን ይዘሽ ተቀመጪ።