ከምሰሶው ሥር፦ የፖቶማክ አጥማጆች ጥያቄና መልስ

አየሩ ሞቅ ካለ ወዲህ በዋሽንግተን ዲሲ በኩል በሚያልፈው በፖቶማክ ወንዝ ከሚያጠምዱ ሰዎች ጥያቄው በዝቷል። አብዛኛው ስለ ብሉጊልና ክራፒ ነው። መጥበሻ ላይ ሙሉውን ስለሚገቡ ፈረንጆቹ ፓንፊሽ የሚሏቸው ትንንሾቹ ዓሦች ማለት ነው።

ጋሼ፣ ፖቶማክ ዳር ያለው ፍሌቸርስ ኮቭ ሄጄ ቀኑን ሙሉ ወደ ወንዙ መሀል ስወረውር ውዬ ባዶ እጄን ገባሁ። ምን አጠፋሁ?

መሀሉን ተወው ወንድሜ! እነዚህ ዓሦች ከኃይለኛ ውኃ ጋር ሲታገሉ አይውሉም። ወንዙ የድልድይ ምሰሶ ወይም የወደቀ ግንድ ሲመታ ለሁለት ይከፈልና ከኋላው ጸጥ ያለ ቦታ ይፈጠራል፤ ልብ ብለህ ካየህ ቅጠሉና አረፋው እዚያ ጋ ቀስ እያለ ሲዞር ታያለህ። ዓሣው እዚያ ቆሞ ወራጁ የሚያመጣለትን ይጠብቃል። ስለዚህ አርቀህ አትወርውር፣ ጠጋ ብለህ ጣል አድርግ። አንድ ክንድ ያህል መራቅ እንኳ ልዩነት አለው። አሥር ደቂቃ ሞክረህ ዓሣ ካልነካልህ ወደሚቀጥለው ግንድ ሂድ።

ትሌን እየበላ ይሄዳል፣ መንጠቆው ግን ባዶውን ይወጣል። ሰለቸኝ!

ብሉጊል ነው የኔ እህት፣ አፉ በጣም ትንሽ ነው። ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆ ግዢ፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ አትርሺ። ትሉን ሙሉውን አታድርጊ፣ የጥፍርሽን ያህል ቆርጠሽ ጫፉን ሸፍኚበት። ጭራ ከተንጠለጠለ ጎትቶ የሚሄደው እሱን ነው።

ክራፒ ያዝኩ ስል ውኃው ዳር ላይ አፉ እየተቀደደ ያመልጠኛል። ግንዱም መንጠቆዬን ጨረሰው።

የክራፒ አፍ እንደ ወረቀት ስስ ነው፣ እንደ አምባዛ ከመነጨቅከው ይቀደዳል። ክሩን ሳታላላ ቀስ ብለህ ጠቅልልና በመረብ አውጣው። ደግሞ ክራፒ ወደ ላይ እያየ ስለሚበላ ማጥመጃህን ከሱ ትንሽ ከፍ አድርገው፤ ከሥሩ ካለፈ ላያየው ይችላል። ለግንዱ ቀጭን ሽቦ ያለው መንጠቆ ተጠቀም። ሲያዝብህ ጠንከር አድርገህ ስትስበው ይቃናና ይለቅቃል፣ ከዚያ በፒንሳ ታጥፈዋለህ።

ልጄ ከዲሲ ወንዝ ዓሣ እያጠመደ ያመጣልኛል። ይበላል?

በልክ ይበላል እማማ። ወንዙ ውስጥ ፒሲቢ የሚባል ኬሚካል አለ፣ የሚጠራቀመውም ስቡ ላይ ነው። ቆዳውንና ስቡን አውጥተው ይጣሉ። ካርፕ ወይም ኢል የሚባለው እባብ መሳይ ዓሣ ከሆነ ግን አይብሉት። ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ የከተማውን የዓሣ አመጋገብ ማሳሰቢያ ልጅዎ ያንብብልዎ። እሱም 16 ዓመት ከሞላው የማጥመጃ ፈቃድ ያውጣ። ደግሞ አደራ፣ ቼይን ብሪጅ የሚባለው ድልድይ አካባቢ ውኃ ውስጥ እንዳይገባ ይንገሩልኝ። ላዩ የተኛ ይመስላል፣ ከሥር ግን ጎበዝ ዋናተኛም ይወስዳል።