25ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሬ ለምን ይከዳኛል? ላልከው

ወንድሜ፣ ለማራቶን እየተዘጋጀህ ክብደት ልቀንስ ብለህ ቁርስ መተውህን ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ስንፍና አይደለም፤ ነዳጅ አልቆብህ ነው። ጡንቻና ጉበት ለጉልበት ያጠራቀሙት ግላይኮጅን የሚባለው የስኳር ዓይነት ጠንከር ባለ ሩጫ ከ90 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ገደማ ቢያቆይህ ነው። እኔንም ደርሶብኛል፤ ጉልበቴ ተብረክርኮ የጫማዬን ክር ማሰር አቅቶኝ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ።

ከረጅም ሩጫ 2 ወይም 3 ሰዓት ቀደም ብለህ ሆድ የማይከብድ ነገር ብላ። ከ90 ደቂቃ በላይ የምትሮጥ ከሆነ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ውሰድ። አንድ መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ገደማ አለው። በረጅሙ ሩጫ ላይ ፍጥነትህንም ቀንስ፤ እያወራህ መሮጥ ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው።

ሞራልህ የወደቀውም ከረሃቡ ይመስለኛል። እባክህ መጀመሪያ ብላ።